አንድ አጎበር ለሁለት አልጋ

ጡብ ማምረቻው ውስጥ ሁሉም «እትዬ ፎርማ» ነው የሚላት። ፎርማ ጭቃ የሚጠቀጠቅበት የእንጨት ቅርጽ ነው፤ እሷ እጅ ሲገባ ግን ነፍስ የዘራ ይመስላል። ውሃ ትነክረዋለች፣ አሸዋ ትነሰንስበታለች፣ ጭቃውን አንስታ እንደ ተናደደ ሰው ትጥልበትና በመዳፏ ትጠቀጥቀዋለች፣ ትርፉን በጣውላ ጠረግ አድርጋ ትገለብጠዋለች። ጡቡ ጠርዙ ሳይነካ ቁጭ ይላል። አዲስ ገቢዎቹ እሷን አይተው ሲሞክሩ የእነሱ ጡብ እንደ ሰካራም ይንጋደዳል። «ጭቃ እንደ ሰው ነው፤ ፈርተሽ ከነካሽው ይንቅሻል» ትላቸዋለች እየሳቀች።

ወደዚያ ግቢ የመጣችው ገና ልጅ ሳለች፣ እቶን አንዳጅ የነበረውን ባሏን ተከትላ ነው። ባሏን የእቶኑ ጭስ ደረቱን በልቶ ወሰደባት። ከሦስት ልጆቿ ሁለቱን ደግሞ ወባ በአንድ ወር አከታትላ ነጠቀቻት። በዚያ ዘመን አጎበር የሚባለውን ነገር አንድ ጊዜ በሩቁ ብታየው የሀብታም ቤት መጋረጃ መስሏት ነበር። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነው። እሱን በጡብ ድርድር መሃል አሳደገችው፤ በጥላው አስተኛችው፣ በስብርባሪው አጫወተችው። አድጎም ከጡቡ አልራቀም። ጡቡን ወደ ከተማ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ።

የግቢው ክፉ ጎን ጉድጓዱ ነው። ጭቃ የተቆፈረበት ቦታ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ይሞላል፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን ውሃው የሚሄድበት የለውም፤ እዚያው ይረጋል፣ አረንጓዴ ይለብሳል። ምሽት ላይ ከዚያ የሚነሳው ትንኝ ሰው ሲያወራ አፍ ውስጥ ይገባል። «ጡቡ ለከተማ፣ ትንኙ ለእኛ» ይላሉ ሠራተኞቹ። ሠራተኞቹን የሚያዘው ካቦ ጉድጓዱን እናስደፍናለን ሲል ዓመታት አልፈዋል። ጉድጓዱ ሲጨምር እንጂ ሲደፈን ያየ የለም።

ልጇ ያገባት ጸጉር ሠሪ ነበረች። እናቷን ገና ጡት ሳትጥል አጥታ አክስቷ ናት ያሳደገቻት። ቀጭን ናት፤ ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ ስትሠራ ሚዶውን ጥርሷ ውስጥ ትነክሳለች። ወደ ቤቱ በገባችበት ቀን በሩ ላይ ቆማ፣

«ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሰው ሁሉ ፎርማ ነው የሚለኝ። አንቺም እንዳሻሽ በይኝ።»

«እማዬ ብልዎት ደስ ይለኛል» አለች ምራቷ መሬት መሬት እያየች። «እስከ ዛሬ ለማንም ብዬው አላውቅም።»

እትዬ ፎርማ ምድጃው ላይ የጣደችው ነገር እንደሚያርርባት ሰው ዞር አለች እንጂ ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ልብ ሆኑ። እሷ ከጡብ ቤት ስትመለስ ምራቷ እግሯን በሞቀ ውሃ ታጥብላታለች፤ በጣቶቿ መሃል የደረቀውን ጭቃ በሚዶ ጫፍ ትለቅምላታለች። እትዬ ፎርማ በበኩሏ ጸጉር የሚያሠሩ ሴቶች የሚቀመጡበትን አግዳሚ በገዛ እጇ በጡብ ሠራችላት። ጎረቤታቸው ከሰል ሻጯ ይህን ማመን አቃታት። «አማትና ምራት ሳይጣሉ ይኼን ያህል ጊዜ? ወይ አንዳችሁ ደንቆሮ ናችሁ፣ ወይ ሁለታችሁም አብዳችኋል» ትላለች። ወይ ጉድ! ሲጣሉ ለማየት የጓጓችውን ያህል አየች፤ የተጣሉት ግን አንዷ ለሌላዋ ስለሳሳች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው በጣውላ የተከፈለ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት የእትዬ ፎርማ ጠባብ አልጋ፣ ከጣውላው ወዲያ የባልና ሚስቱ አልጋ አለ። አጎበር በየቤቱ ሲታደል በዚህ ቤት የነበሩት እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ፤ ለሁለት ሰው ተብሎ አንድ ተሰጣቸው። ምራቷ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ ለጊዜው ማንም ልብ አላለውም። ምራቷ ማርገዟ ሲታወቅ ግን እትዬ ፎርማ አጎበሩን ከራሷ አልጋ ፈትታ ወስዳ እዚያኛው አልጋ ላይ ሰቀለችው። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ አጎበሩ የራሷ አልጋ ላይ ተመልሷል፤ ጫፉም ፍራሹ ሥር ተጠቅጥቋል።

«ማነው ይሄን ያመጣው?»

«በእግሩ መጥቶ ይሆናላ» አለች ምራቷ ሳቋን አፍና።

«ስሚ ልጄ፣ ወባና እኔ የቆየን ጎረቤታሞች ነን። ታውቀኛለች፤ ቀምሳ ትተወኛለች። አንቺ ግን አሁን የምትተነፍሺው ለሁለት ነው።»

«እናት አንዴ አጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አላጣም። እርስዎ ሜዳ ላይ ተኝተው እኔ አጎበር ውስጥ ብገባ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልዎታል?»

ደጋግመው ሰቀሉ፤ ደጋግመው ፈቱ። አንዱ ምስማር ከመመላለስ ብዛት ቀዳዳው ሰፍቶ ወደቀ። ከሰል ሻጯ በግድግዳው ስንጥቅ የምትሰማውን ለሰፈሩ እያወራች አሳቀች። እትዬ ፎርማ «ነይ በቃ አንድ አልጋ ላይ እንተኛ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ያውቃል። ግን የልጇ የትዳር አልጋ ነው፤ አማት ምን ልትሆን እዚያ ትገባለች? የራሷ አልጋ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ጭቃ ጭቃ፣ የወገብ ቅባት ቅባት ይሸታል። ወጣት ልጅ እዚህ ነይ ማለት አሳፈራት። ዋጥ አደረገችው።

አንድ ቀን ልጇ ከከተማ ሲመለስ በላስቲክ የታሸገ አዲስ አጎበር ይዞ መጣ።

«ይኸው! ከእንግዲህ ክርክር የለም» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። በማግስቱ መኪናው ተጭኖ ስለነበር ሲነጋጋ ወጥቶ ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች ላስቲኩን በስሱ ከፈቱት። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፤ ገና የፋብሪካ ሽታው አልለቀቀውም። እትዬ ፎርማ እንዳይተለትል ፈርታ በሻካራ መዳፏ ሳይሆን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው።

«እንዲህ ያለውማ ለሕፃኑ ነው» አለች ምራቷ።

«እውነትሽን ነው። ይሄ ጣሪያ ጥላሸት የጠገበ ነው። አሁን ብንሰቅለው እስኪወለድ ድረስ ይጠቁራል።»

በዚህ አንድም አልተከራከሩም። በቤቱ ውስጥ በአንድ ቃል የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። መልሰው አጥፈው፣ ምራቷ ከምትገጣጥመው የሕፃን ልብስ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ሲተኙም ደስ ብሏቸው ተኙ። ሁለቱም ገና ያልተወለደው ልጅ በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ እግሩን ሲያወራጭ እየታያቸው።

አሮጌው ላይ ግን ክርክሩ ቀጠለ። በመጨረሻ ምራቷ «ቢያንስ በተራ እናድርገው፤ አንድ ቀን እርስዎ፣ አንድ ቀን እኔ። ካልሆነ ጨርሶ አልገባበትም» ብላ ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረች። ስትናገር ዓይኗ ውስጥ እንባ ነበር። እትዬ ፎርማ ልቧ አልወደደውም። ጨርሶ ከሚቀርስ ግማሹን ትተኛበት ብላ እሺ አለች።

የጤና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ወደ እነሱም ጎራ አለች። ወጣት ናት፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ ጠየቀች።

«አጎበር አላችሁ?»

«አለን።»

«ሥሩ የሚተኛው ማነው?»

«እሷ» አለች እትዬ ፎርማ። «እሳቸው» አለች ምራቷ፤ እኩል ነው የወጣቸው። ጤና ሠራተኛዋ ሳቀች፤ የምራቷን ሆድ ስታይ ግን ሳቋን ሰበሰበች።

«እናቴ፣ እርጉዝ ሴት አንድ ሌሊት እንኳ ያለ አጎበር ማደር የለባትም። ትንኟ ተራ አታውቅም። ሌላ የላችሁም?»

ምራቷ ወደ ሳጥኑ አየች። እትዬ ፎርማም አየች።

«አለን። ነገ እንሰቅለዋለን» አለች እትዬ ፎርማ፤ ስትናገርም ከልቧ ነበር።

ነገ ሲመጣ ምስማር ጠፋ። ከነገ ወዲያ ግድግዳው ምስማር አልይዝ ብሎ ተፈረፈረ፤ ልጇ ሲመጣ እንጨት ይመታበታል ተባለ። ከዚያ ደግሞ ዝናቡ አባራና እቶኑ ተለኮሰ። እቶን ሲለኮስ ጡብ ቤት ውስጥ ሰው ስሙንም ይረሳል። እትዬ ፎርማ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ስትመለስ ወገቧ እንደ እንጨት ደርቆ ነው። አዲሱ አጎበር ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። ተራውም ቀጠለ።

ምራቷ ራሷን ማመም ጀመራት። «ወፍራም ልጅ ነው የያዝኩት መሰለኝ፤ ጉልበቴን ጨረሰው» ትላለች። ውሃ ውሃ ይላታል፤ ከንፈሯ ነጣ። እትዬ ፎርማ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነክታ «ትኩስ ነሽ እኮ» ስትላት፣ «ፀሐይ ላይ ቆሜ ነው የዋልኩት» ትላለች። አማቷ ከሥራ እንዳትቀር፣ እንዳትጨነቅ ብላ ነው። እትዬ ፎርማም ራሷ ሦስት ወልዳለችና እርግዝና እንዲህ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

ያን ቀን ጡብ እየገለበጠች ሳለ አንዲት ሴት እየሮጠች ወደ ግቢው ገባች። የራሷ ግማሽ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኖ ነፋስ ያነሳዋል። ሠራተኞቹ ሲያዩዋት ሳቁ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

«እትዬ ፎርማ! ምራትዎ እየሠራችኝ ሳለ መንቀጥቀጥ ጀመራት። ሚዶው ከእጇ ወደቀ፤ አሁን አትሰማም።»

እትዬ ፎርማ እጇን ሳትታጠብ ሮጠች። ስትደርስ ምራቷ አማቷ በሠራችላት የጡብ አግዳሚ ሥር ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ሰውነቷ እሳት ነው። ጭቃ አቡኪዎቹ የጡቡን ጋሪ ጠርገው፣ ፍራሽ አንጥፈው፣ እየገፉ ጤና ጣቢያ አደረሷት። መንገዱ ሁሉ ኮረኮንች ነው። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር እትዬ ፎርማ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ትላለች።

ከጣቷ ደም ወሰዱ። ወባ ነው አሉ፤ ከደም ማነስ ጋር የጠና ወባ። መድኃኒት በክንዷ ሰደዱላት። ትኩሳቱ ሊበርድ ሲል ምጡ መጣ፤ ወሩ ሳይደርስ። እትዬ ፎርማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሕፃን ድምፅ ጠበቀች። ድምፅ አልመጣም። የብረት ሳህን ድምፅ፣ የውሃ ድምፅ፣ የእግር ኮቴ ነው የመጣው።

አዋላጇ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጅዎ ትተርፋለች» አለቻት። «ሕፃኗ ግን እዚያው ሆድ ውስጥ ነው ያለፈችው። ወባ በእርጉዝ ላይ ተንኮለኛ ናት፤ የእንግዴ ልጁ ውስጥ ትሸሸግና የሕፃኑን ምግብ ትቆርጣለች። አይዞዎት እናቴ።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

«ስጪኝ ልያዛት።»

በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት። እትዬ ፎርማ ዕድሜዋን ሙሉ ያነሳችው ክብደት አንድ ነው፤ እርጥብ ጡብ በእጇ ሲገባ ሳታይ ታውቀዋለች። ልጅቷ የአንድ ጡብ ያህል እንኳ አልከበደቻትም። ጥፍሮቿ ግን ሙሉ ነበሩ፤ ጣቶቿም የእናቷ፣ ረጃጅም። እትዬ ፎርማ በእጇ ላይ የደረቀው ጭቃ ጨርቁን እንዳያቆሽሸው ክርኗን ወደ ውጭ አድርጋ ነው የያዘቻት።

ልጇ ወሬው መንገድ ላይ ደርሶት ጡቡን እንደተጫነ መኪናውን አዙሮ መጣ። ሕፃኗ የምትጠቀለልበት ንጹህ ጨርቅ ፍለጋ ሳጥኑን ሲከፍት፣ ከትናንሾቹ ልብሶች ሥር ያ የላስቲክ ጥቅል አለ። አወጣው። ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እማዬ… ይሄ ምንድን ነው?»

«ለሕፃኑ ብለን ነበር» አለች።

አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አደረገው። ልጁን ቀብሮ ሲመለስ መዶሻ አነሳ፤ ግድግዳው ላይ እንጨት መታ፣ በእንጨቱ ላይ ምስማር መታ፣ አዲሱን አጎበር ዘርግቶ ሰቀለው። ሥራው ሁሉ የቡና መጠጫ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። አልጋው ባዶ ነበር፤ ሚስቱ ገና ጤና ጣቢያ ናት።

ከጤና ጣቢያ ስትወጣ አክስቷ መጥታ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። «እስክታገግም» ነው የተባለው። ሳምንቱ ሳምንት ወለደ፤ ምራቷ አልተመለሰችም። ልጇም ወደ መንገዱ ሄደ። ሲደውል የሚያወራው ስለ ጎማና ስለ ጭነት ነው። እትዬ ፎርማ ሁለት አጎበር ባለበት ቤት ብቻዋን ቀረች፤ በአንዱም ሥር መግባት አልሆንላት እያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምታሸልብበት ቀን በዛ። ጡቧም ይሰነጠቅ ጀመር። ካቦው አንዱን አንስቶ እያገላበጠ፣

«እትዬ ፎርማ፣ ዛሬ እጅሽ የት ነው ያለው?» አላት።

«እንጃ» አለች። ፎርማውን አስቀመጠች፤ እግሯን ታጥባ ወደ አክስቲቱ ቤት ሄደች።

አክስቲቱ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሰላምታዋን ሳትመልስ፣

«እኔ ሙሉ ሰው ነበር የሰጠኋችሁ» አለቻት። «ጎዶሎ አድርጋችሁ መለሳችኋት።»

«እውነትሽን ነው እህቴ።»

አክስቲቱ ክርክር ነበር የጠበቀችው። ይህን ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን እርጥብ ልብስ እንደያዘች በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተቻት።

ምራቷ ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የሰው ራስ ስታሳምር የኖረችው ልጅ የራሷ ጸጉር ተንጨባሯል። እትዬ ፎርማን ስታይ ልትነሳ ሞከረች።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ነይ ልልሽ አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ያን ተራ እሺ ማለት አልነበረብኝም። እኔ ትልቋ ነኝ፤ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሁለት ልጅ ቀብሬ አላወቅኩም።»

«ተራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ እማዬ። በእኔ ተራም ቢሆን… እርስዎ እንቅልፍ ሲወስድዎ አጎበሩን እያመጣሁ እርስዎ ላይ የጣልኩበት ቀን አለ። ሲነጋ ቀድሜ እነሳና እመልሰው ነበር። ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ዝም በይ! እኔ ነኝ እንጂ። አዲሱን ሳጥን ውስጥ የከተትኩት በዚህ እጄ ነው።»

«ለሕፃኑ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።»

አክስቲቱ ከበስተጀርባቸው ቆማ ትሰማ ኖሯል። «እናንተ ሰዎች ጥፋትም ትሻማላችሁ?» አለች። ልትቆጣ ነበር የጀመረችው፤ መጨረሻው ላይ ግን ፊቷን አዞረችና ወደ ቤት ገባች።

ሁለቱ ረጅም ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ ምራቷ አፍንጫዋን ጠራርጋ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አንድ አልጋ ላይ እንተኛ ለምን አላሉኝም?» አለች። «ልልዎት ፈልጌ ደፋር ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

እትዬ ፎርማ ይህን ስትሰማ ልጅቷን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

«እኔም እኮ አፍሬ ነው፣ የኔ ልጅ። እኔም አፍሬ ነው።»

ምራቷ የዚያን ቀን አልመጣችም። የመጣችው ቆይታ፣ ራሷ በመረጠችው ጊዜ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ነው። ባሏ መንገድ ላይ በሆነ ቀን ሁሉ ሁለቱ ሴቶች ሰፊው አልጋ ላይ፣ ሰፊው አጎበር ሥር አብረው ይተኛሉ። ከሰል ሻጯም በዚህ ሰፈሩን አላሳቀችም። ቤቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ባልና ሚስቱ መሃል ማንም የማይናገረው ነገር ለብዙ ጊዜ ተቀመጠ። እሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የአጎበሩን ጫፍ ነው፤ ፍራሹ ሥር መግባቱን በእጁ ይፈትሻል፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ምራቷም የሕፃን ጸጉር ለማሠራት እናት ስትመጣባት «ዛሬ አይመቸኝም» የምትልበት ቀን ነበር።

ከሁለት ክረምት በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ወሩን ጠብቆ፣ እየጮኸ። ጡብ ቤቱ በሙሉ ደስ አለው። ካቦው ግቢው በር ላይ እትዬ ፎርማን ሲያገኛት እጇን ይዞ አልለቅ አለ።

«እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ ፎርማ! የበኩር ልጅ አገኛችሁ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ሁለተኛ ልጃችን ነው። ታላቅ እህት ነበረችው።»

ካቦው እጇን ለቀቀ። እሷም ሄዳ ፎርማዋን ውሃ ውስጥ ነከረች።